ብርድ የሚሸፍነው የፀሐይ ጉዳት

በላይ ጋይንት ወረዳ የምትገኘው ንፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ አላት። እንደ ስሟ ነፋሻ ናትና ጋቢ የደረበ ሰው ፀሐይ ይጎዳኛል ብሎ አይሰጋም። ይሁን እንጂ ቆዳን የሚጎዳው ሙቀቱ ሳይሆን አልትራቫዮሌት ጨረሩ ነው፤ እሱ ደግሞ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

ለቆዳ ጥንካሬ የሚሰጠው ኮላጅን፣ ተስቦ እንዲመለስ የሚያደርገው ደግሞ ኢላስቲን የተባለ ፕሮቲን ነው። ጨረሩ ወደ ውስጠኛው የቆዳ ክፍል ሲዘልቅ ኮላጅንን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች ይበዛሉ፤ አዲስ ኮላጅን መመረቱም ይቀንሳል። የኢላስቲን ነገር ግን ለየት ይላል። ከመቀነስ ይልቅ ተበላሽቶ ይከማቻል፤ መለጠጡን ግን አይችልበትም። ዕድሜውን በእርሻ ያሳለፈ ሰው ማጅራት ላይ የሚታየው ጥልቅ መስመር በአብዛኛው የዚህ ውጤት ነው። እርጅና ብቻ አለመሆኑን ለመረዳት የዚያኑ ሰው በልብስ ተሸፍኖ የኖረ ገላ ማየት ይበቃል።

የጥቁር ቆዳ ሜላኒን ለውጡን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። አልቢኖ ለሆኑ ወገኖች ግን ዋናው ስጋት መጨማደድ ሳይሆን የቆዳ ካንሰር ነው። በተለይ ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ሰፊ ባርኔጣ፣ ጃንጥላና እጅጌው ረዥም ልብስ፣ ብርድም ቢሆን፣ ያስፈልጋቸዋል።