ሐኪሙ የት ነው ያለው?

እስቲ ቀላል የምትመስል ጥያቄ ላንሳ። ታካሚዋ ደሴ፣ ሐኪሙ አዲስ አበባ ሆነው በስልካቸው እየተያዩ ቢነጋገሩ ሕክምናው የተሰጠው የት ነው? «የትም ይሁን፣ ብቻ ትዳን» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ሁለቱም በአንድ አገር ሕግ ሥር እስካሉ ድረስ እኔም አልከራከርም። ሐኪሙን ከአዲስ አበባ አንስተን ሜሪላንድ ብናስቀምጠውስ? ያን ጊዜ ጥያቄዋ የሕግ ሰዎችን እንቅልፍ ትነሳለች። ነስታለችም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ የኛ ነው ካላልኩ በቀር፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙዎቻችን የቪዲዮ ሕክምና ከኮቪድ ጋር የተወለደ ይመስለናል። ነገሩ ግን ከአባቶቻችን ዕድሜ ጋር የሚስተካከል ነው። በ1959 የአሜሪካዋ ነብራስካ የአእምሮ ሐኪሞች ወዲያና ወዲህ በሚያሳይ ቴሌቪዥን ታካሚዎችን ማነጋገር ጀምረው ነበር። ለእኔ ግን ትልቁ ታሪክ የቦስተኑ ነው።

ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል በሎጋን አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ክሊኒክ ነበረው። ክሊኒኩን ውለው የሚያድሩበት ነርሶች ነበሩ። ሐኪም ሲያስፈልግ ከሆስፒታሉ መምጣት ነበረበት። ርቀቱ አራት ኪሎ ሜትር ብትዘል ነው፤ ሆኖም በመሃል ባሕር አለ፣ ከባሕሩ ሥር የመኪና ዋሻ አለ፣ ዋሻው ውስጥ ደግሞ የመኪና ሰልፍ አለ። (የመገናኛን ሰልፍ ለሚያውቅ ሰው ማብራራት አያስፈልግም።) ዶክተር ኬኔት በርድ የሚባሉ ሐኪም በዚህ ምልልስ ተማርረው በ1968 ሁለቱን ቦታዎች በማይክሮዌቭ ሞገድና በጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን አገናኟቸው። ቴሌሜዲስን የሚለውን ስም ካስለመዱት ሰዎች አንዱም እሳቸው ናቸው። ቆየት ብሎ በዚህ መስመር የታዩ 1,000 ታካሚዎችን መዝገብ መርምረው፣ የሚቻል ነገር መሆኑን በጥናት አሳተሙ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉልኝ። አንደኛ፣ ሐኪሙም ታካሚውም አንድ ግዛት ውስጥ ስለነበሩ የፈቃድ ጥያቄ አልተነሳም። ሁለተኛ፣ ከታካሚው ጎን ነርስ ነበረች። ሐኪሙ እጁን ዘርግቶ ሊነካ የማይችለውን ሆድ የምትነካው፣ የልብ ምት ማዳመጫውን ደረት ላይ የምታሳርፈው፣ ታካሚው ቢወድቅ የምታነሳው እሷ ናት። ኋላ የመጡት ነጋዴዎች መጀመሪያ የቀነሷት ነርሷን ነው። ቀጥሎ ቴሌቪዥኑንም ቀነሱት። ቀረ ምን? የሚሞላ ቅጽ።

በ2005 ካሊፎርኒያ ያለ አንድ ወጣት ተማሪ በኢንተርኔት እንዲህ ያለ ቅጽ ሞልቶ የድባቴ መድኃኒት አዘዘ። ጥያቄው ፍሎሪዳ ባለ ድርጅት በኩል አልፎ ኮሎራዶ ያለ ሐኪም ዘንድ ደረሰ። ሐኪሙ ልጁን በአካል አላየውም፣ በስልክም አላነጋገረውም። ፈቃዱም በገዛ ግዛቱ ገደብ የተጣለበት ነበር። መድኃኒቱ ከሚሲሲፒ በፖስታ ተላከ። አራት ግዛት፣ አንድ ልጅ። ተማሪው በዚያው ዓመት ክረምት ራሱን አጠፋ።

ካሊፎርኒያ ሐኪሙን ያለ ፈቃድ በማከም ወንጀል ከሰሰችው። የእሱ መከራከሪያ «እኔ እግሬ ካሊፎርኒያ አልረገጠም» የሚል ነበር። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2007 አልተቀበለውም፤ ድርጊቱ ውጤቱን ያሳረፈው ካሊፎርኒያ ስለሆነ እዚያው ሊከሰስ ይችላል አለ። በ2009 ክሱን ሳይከራከር ቀርቶ የዘጠኝ ወር እስራት ተፈረደበት። እንግዲህ የጥያቄያችን መልስ በአሜሪካ ይኸው ነው፦ ሕክምናው የሚሰጠው ታካሚው ባለበት ነው።

ሌላው ሕግ ስሙን ያገኘው ከሞተ ልጅ ነው። ራያን ሄይት በ2001 በ18 ዓመቱ የሞተው በኢንተርኔት ባገኘው የሕመም ማስታገሻ ነበር፤ ያዘዘለት ሐኪም አይቶት አያውቅም። በ2008 በስሙ የወጣው የፌዴራል ሕግ ቁጥጥር የሚደረግባቸውን መድኃኒቶች በኢንተርኔት ለማዘዝ ቢያንስ አንድ ጊዜ በአካል መተያየትን ግዴታ አደረገ፤ የተወሰኑ የቴሌሜዲስን ሁኔታዎች ብቻ በልዩነት ተቀመጡ። ኮቪድ ሲመጣ ይህ ግዴታ ላላ። ሬሳ ሲወጣ ሕጉ ይጠብቃል፣ ወረርሽኝ ሲገባ ይላላል።

ቀድሞ ያሰበ አገር የለም ማለት ግን አይደለም። ማሌዥያ በ1997 የቴሌሜዲስን ሕግ አወጣች፤ የውጭ ሐኪም የምስክር ወረቀት እንዲይዝ፣ ታካሚውም በጽሑፍ እንዲስማማ፣ የጣሰ እስከ 500,000 ሪንጊት ወይም እስከ አምስት ዓመት እስራት እንዲቀጣ። ያምራል! ችግሩ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ሳይቆረጥለት ብዙ ዓመት ማለፉ ነው። ወረቀት ላይ የቀረ ሕግ የኛ ብቻ አይምሰላችሁ።

ወደ ቤታችን እንምጣ። የሕንድ መንግሥት በጀመረው የአፍሪካ ኔትወርክ ሙከራ በ2007 ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልና የነቀምቴ ሆስፒታል ሃይደራባድ ካለው ኬር ሆስፒታል ጋር ተገናኙ። እዚያ ማዶ ያለው የሕንድ ሐኪም አማካሪ ነበር፤ ከታካሚው ጎን ያለው የኛው ሐኪም ነበር። የቦስተኗን ነርስ አስታወሳችሁ? ነገር ቢበላሽ የሚጠየቅ ሰው ክፍሉ ውስጥ አለ። የሚገርመው፣ ሕንድ ራሷ በመጋቢት 2020 ለሐኪሞቿ ባወጣችው የቴሌሜዲስን መመሪያ የሐኪሙ የምዝገባ ቁጥር ለታካሚው እንዲታይ፣ አደንዛዥ መድኃኒት እንዳይታዘዝ ስትደነግግ ከሕንድ ውጭ የሚደረገውን ምክክር ግን ከመመሪያው ውጭ አደረገችው።

ዛሬ ብዙው የርቀት ሕክምናችን በኔትወርክ ፕሮጀክት አይሄድም። አሜሪካ ያለው የአጎት ልጅ፣ ሐኪሙ፣ በቫይበር ይደወልለታል፤ የእናት እግር በካሜራ ይታያል፤ «ይኼንን ግዙላት» ይላል። ፍቅር ነው፣ አልነቅፍም። የሜሪላንድ ፈቃድ ግን ደሴ ድረስ አይዘረጋም። በ2016 ዓ.ም. (የኛ ነው) የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ መድቦታል፤ ይህ ለእግሩ ፎቶ ይጠቅማል። መድኃኒቱ ካልተስማማ እናትየዋ ማንን፣ የት፣ በየትኛው ሕግ እንደምትጠይቅ ግን የዳታ አዋጅ የሚመልሰው ጥያቄ አይደለም።