ባለ ሁለት መስመር ግጥም በቅጂ መብት ይጠበቃል?

የቅጂ መብት ሲነሳ ብዙዎቻችን የሚታወሰን ልብ ወለድ፣ ዘፈን ወይም ፊልም ነው። ይሁን እንጂ በታክሲ ውስጥ የሚለጠፍ ጥቅስ፣ በሞባይል የሚላላኩት የበዓል መልእክት፣ በቲሸርት ላይ የሚታተም አባባል፣ የማስታወቂያ መፈክርና ባለ ሁለት መስመር ግጥምም መጀመሪያ የጻፋቸው ሰው አለ። ሌላው ሰው ያለፈቃድ አሳትሞ ቢሸጣቸው ጸሐፊው መብቴ ተነካ ብሎ መክሰስ ይችላል?

ሕጉ ምን ይላል?

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ርዝመትን መለኪያ አላደረገም። በአንቀጽ 6 መሠረት ሥራው ወጥ፣ ማለትም ከራሱ ከአመንጪው የፈለቀ መሆን አለበት። በተጨማሪም በጽሑፍ፣ በድምፅ ወይም በሌላ መንገድ ግዘፍ ማግኘት ይኖርበታል። ምዝገባ ግዴታ አይደለም። የሥራው ጥራትም ሆነ የተሠራበት ዓላማ አይጠየቅም። ስለዚህ ሁለት መስመር ግጥም እንደ ረጅም ልብ ወለድ ሁሉ በደራሲው ዕድሜና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ሊጠበቅ ይችላል።

ሁለተኛው መስፈርት ለእኛ አገር ልዩ ትርጉም አለው። ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት የሚያልቅ ቅኔ ነው፤ በማጠሩ ግን ማንም አይንቀውም። ሆኖም በቃል ብቻ የተነገረ ቅኔ ወይም ግጥም ካልተጻፈ ወይም ካልተቀዳ የአዋጁ ጥበቃ አይደርሰውም።

ችግሩ የት ላይ ነው?

አዋጁ በአንቀጽ 5 ሐሳብን ከጥበቃ ውጪ አድርጓል፤ የሚጠበቀው አገላለጹ ነው። በረጅም ድርሰት ሁለቱን መለየት አይከብድም። በአጭር ጽሑፍ ግን ሐሳቡና አገላለጹ ይጣበቃሉ። «ቀስ ብለህ ንዳ» የሚለውን ምክር የምንናገርባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው። አንዱ የግሉ ቢያደርገው ሌላው መናገሪያ ያጣል። በዚያ ላይ ሁለት ሰዎች ሳይገናኙ ተመሳሳይ አጭር አባባል ሊጽፉ ይችላሉ፤ ካልተቀዳ ደግሞ ጥሰት የለም። ተረትና ምሳሌም የሕዝብ እንጂ የአንድ ሰው ንብረት አይሆንም።

የሌሎች አገሮች ልምድም ይህንኑ ያሳያል። የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1981 በታየው የኤክሶን ጉዳይ አንድ የተፈጠረ ቃል ብቻውን የሥነ ጽሑፍ ሥራ አይባልም ብሏል። የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ ስሞችን፣ ርዕሶችንና መፈክሮችን አይመዘግብም። በሌላ በኩል የአውሮፓ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 በኢንፎፓክ ጉዳይ ከጋዜጣ የተወሰዱ 11 ቃላት የጸሐፊውን የራሱን የፈጠራ አሻራ የሚያሳዩ ከሆነ ሊጠበቁ እንደሚችሉ ወስኗል። መልሱ ያለው በቃላቱ ቁጥር ላይ ሳይሆን በምርጫቸውና በአሰካካቸው ላይ ነው።

ስለ መጥቀስ

አንቀጽ 10 ከታተመ ሥራ መጥቀስን ይፈቅዳል። ነገር ግን ጥቅሱ ከዓላማው የማያልፍ፣ ምንጩና የደራሲው ስም የተገለጸ መሆን አለበት። የአጭር ግጥም ፈተና እዚህ ላይ ነው፤ አንድ መስመር ሲጠቀስ የሥራው ግማሽ ሄደ ማለት ነው። ለሂስ ሙሉውን መጥቀስ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ለፖስት ካርድ ንግድ ግን ማመካኛ አይሆንም። ስሙን ፍቆ ማሰራጨት ደግሞ ገንዘብ ባይገኝበትም የደራሲውን የሞራል መብት ይነካል።

ምን ይደረግ?

ጸሐፊው ሥራውን በስሙና በቀን ጽፎ ያስቀምጥ፤ ቢቻል በመድበል ያሳትም። ክርክር ሲነሳ ወሳኙ ማስረጃ ነው። ለንግድ መፈክር ደግሞ የተሻለው መንገድ የንግድ ምልክት ምዝገባ ነው። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፣ ይታደሳልም። አሳታሚውና አስተዋዋቂው በበኩላቸው «ሁለት መስመር ብቻ ናት» የሚለውን ምክንያት ትተው ደራሲውን ይፈልጉ፣ ያስፈቅዱ። አጭር ሥራ ጠባብ ጥበቃ አለው ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም።