ከጨረቃ መንገድ የተነሳ የይፋት ፎቶ

ኅዳር 28 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል፣ ወደ ጨረቃ ይገሰግሱ የነበሩት የአፖሎ 17 ጠፈርተኞች ዩጂን ሰርናን፣ ሮናልድ ኢቫንስና ሃሪሰን ሽሚት ከምድር 29 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው አንድ ፎቶ አነሱ። ፀሐይ ከኋላቸው ስለነበረች ምድር ሙሉ ክብ ሆና ወጣች፤ አፍሪካ፣ ቀይ ባሕርና የዓረብ ልሳነ ምድር ቁልጭ ብለው ታዩ። ከሸዋ ደጋ ግርጌ፣ ከአፋር ስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ያለው የይፋት ቆላም፣ ሸዋ ሮቢትን ይዞ፣ እዚያው ውስጥ አለ። የጨረቃ ጉዞ ፎቶዎችን መሰብሰብ የባለጸጋ አገሮች ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም የምለው ከዚህ ተነስቼ ነው። በዚያው ዘመን ታጥበው የተሰራጩት የፎቶ ወረቀቶች የታሪክ ሰነድ ናቸው፤ የእኛም ታሪክ ሰነድ ናቸው።

ሁላችንም የምናውቀው ያ የምድር ፎቶ ካሜራው እንዳነሳው ያለ አይደለም። በፊልሙ ላይ ደቡብ ዋልታ ከላይ፣ ኢትዮጵያ ከታች ናት፤ ገልብጦ ሰሜኑን ወደ ላይ ያደረገው ናሳ ነው። በጠፈር ላይና ታች ስለሌለ ውሸት አይባልም፤ የሰው ውሳኔ ግን ነው። የጠፈርተኛው የበዝ አልድሪን ፎቶ ደግሞ ከዚህም ያልፋል። ኒል አርምስትሮንግ በሐምሌ 1961 ዓ.ም. ጨረቃ ላይ ሲያነሳው የፎቶው ጠርዝ አልድሪን ከተሸከመው መሣሪያ አናት ላይ አንቴናውን ቆርጦታል፤ ለሕዝብ የተሰራጨው ግን ከላይ ጥቁር ሰማይ ተቀጥሎለት ነው። ካሜራውን አብዛኛውን ጊዜ የያዘው አርምስትሮንግ ስለነበር፣ ጨረቃን መጀመሪያ የረገጠው ሰው ራሱ በፎቶዎቹ ውስጥ እምብዛም የለም። አልድሪን ባነሳው አንድ ፎቶ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ሲሠራ እንደሚታይ በሰፊው የታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ በኢንተርኔት በነጻ ይገኛል፣ አሮጌ ወረቀት ምን ያደርጋል የሚል ሊኖር ይችላል። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ከ8,400 የሚበልጡ የአፖሎ ፎቶዎች ለሕዝብ ተለቀዋል። ነገር ግን ፊልሙ የሚነግረን ጠፈርተኛው ያየውን ነው፤ ሰው በጊዜው ምን እንዲያይ እንደተደረገ የሚነግረን የታጠበው ወረቀት ነው። ሰብሳቢዎች ከፊት በቀይ የታተመውን የናሳ ቁጥር፣ ከጀርባ የኮዳክን ስምና የተጻፈውን መግለጫ የሚመረምሩት ለዚህ ነው። ያ ጽሑፍ ከሌለ ወረቀቱ መቼ እንደታጠበ ማረጋገጥ ይከብዳል፤ በኋላ የታተመ ቅጂም እንደ ጥንቱ ሆኖ ይሸጣል።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው። በዚያ የምድር ፎቶ ፊልም ላይ ከአዲስ አበባ ሸዋ ሮቢት ያለው ርቀት ከግማሽ ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ይፋት የራሷን ታሪክ ገና ሳትጨርስ፣ የነኖራና የነአስባሪ የመካከለኛው ዘመን ከተሞች ፍርስራሽ ብዙ ጥናት እየጠበቀ፣ ስለ አንዲት ነጥብ መጨነቅ ተገቢ ነው? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቅደም ተከተል ይሰጠን ከተባለ ኖራ ትቅደም። ሆኖም ሁለቱ አይሻሙም፤ የሚያጠፋቸው አንድ ነው። ፍርስራሹ የሚጠፋው ድንጋዩ ለሌላ ግንብ ሲወሰድ ብቻ አይደለም፤ የት እንደተገኘ ሳይመዘገብ ሲቀርም ነው። ፎቶውም እንደዚያው። ጨረቃም ለይፋት ሰው ባዕድ አይደለችም፤ የአርጎባው ሙስሊም ረመዳንን ለመጀመር ይጠብቃታል፣ ክርስቲያኑም ፋሲካን የሚያወጣው በአበቅቴ እሷኑ ቆጥሮ ነው። ስለዚህ በሸዋ ሮቢት አንድ ትምህርት ቤት ያንን የምድር ፎቶ ቢሰቅል፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ይስቀል፦ ናሳ ያቀናውንና ኢትዮጵያ ከታች የምትታይበትን። ከየጀርባቸውም ቀኑን፣ የመጡበትን ቦታና ያመጣቸውን ሰው በእርሳስ ይጻፍ።