የማሻ ማር እና የቁስል ሕክምና

ማሻ በማሯ የታወቀች የሸካ ዞን ከተማ ናት። በሸካ ጫካ «ኮቦ» የሚባል የቆየ የይዞታ ሥርዓት አለ፤ አንድ ቤተሰብ በድርሻው ካሉት ረጃጅም ዛፎች ላይ ቀፎውን ይሰቅላል፣ ሌላው አይነካበትም። ደኑ እስከ ዛሬ ከቆመባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ይመስለኛል፤ ዩኔስኮም በ2012 እ.ኤ.አ. በባዮስፌር ክልልነት መዝግቦታል። ማር ታዲያ ለጠጅ ብቻ አልነበረም። በአገራችን ቁስልና ቃጠሎ ላይ ሲቀባ ኖሯል፤ ከ3,500 ዓመት ገደማ በፊት የተጻፈ የግብፅ ፓፒረስም ለቁስል ያዝዘዋል። ይህን ተራ አጉል እምነት የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። ማር ውኃው ጥቂት፣ ስኳሩ ብዙ፣ ጠባዩም አሲዳም ስለሆነ ባክቴሪያ አይመቸውም። በቁስሉ ፈሳሽ ሲቀጥን ደግሞ ንቧ የጨመረችበት ኢንዛይም ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ያመነጫል።

ዳሩ ግን ጀርም መግደል ብቻውን ማዳን አይደለም። ቁስል ቀይ ሥጋ የሚያወጣው ቀጫጭን አዳዲስ የደም ሥሮች ወደ ውስጡ አድገው ኦክስጅንና ምግብ ሲያደርሱለት ነው። የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣው ግምገማ ማር ጥልቀት የሌለውን ቃጠሎ ከተለመደው ማሸጊያ ከ4 እስከ 5 ቀን ቀድሞ እንደሚያድን አሳይቷል፤ የደም መልስ ሥር ሲታወክ ለሚመጣ የእግር ቁስል ግን ይህ ነው የሚባል ጥቅም አልታየበትም። ልዩነቱን የፈጠረው የደም ሥሩ ጤና ይመስለኛል። በሆስፒታል የሚሠራበት ማርም በጨረር የጸዳ ነው እንጂ ከቀፎ በቀጥታ የወረደ አይደለም። ስለዚህ የደም ሥሩ በሕመሙ ሊጎዳ የሚችል፣ እግሩ የቆሰለ የስኳር ሕመምተኛ ማር ቀብቶ ቤቱ አይቀመጥ፤ ሐኪም የእግሩን የደም ዝውውር ይመርምርለት።