«ካንሰር አይደለም» ማለት «አይጎዳም» ማለት ነው?

«እጢው ካንሰር ካልሆነ ለምን በቀዶ ሕክምና ይወጣል?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይቀርባል። ዛሬ መልሱን በአንድ የቆየ ታሪክ ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1884 አንድ የእንግሊዝ ጦር መኮንን ከግራ ትከሻው በታች ጀርባው ላይ ሕመም ጀመረው። ያዩት ሐኪሞች ምክንያቱን ሳያገኙት ሦስት ዓመት አለፈ። ሕመሙ ባሰ፣ እግሮቹ ደነዘዙ፣ በመጨረሻም ሽባ ሆነ፤ ሽንት መሽናትም አስቸገረው።

በ1887 የነርቭ ሐኪሙ ዊሊያም ጋወርስ መረመሩት። ራጅ ሊገኝ ገና 8 ዓመት ይቀረው ነበር። እሳቸው ግን ሕመሙ የት እንደጀመረና ሰውነቱ ከየት ጀምሮ እንደደነዘዘ አይተው «ህብለ ሰረሰሩን የተጫነ እጢ አለ» አሉ። የ30 ዓመቱ ቀዶ ሐኪም ቪክቶር ሆርስሊ በሰኔ ወር ለንደን ውስጥ ቀዶ ሕክምናውን አደረገ።

አጥንቱ ተከፈተ፤ እጢው ግን የለም! ሆርስሊ ተስፋ አልቆረጠም። ወደ ላይ ጨምሮ ሲከፍት ህብለ ሰረሰሩን የጨፈለቀ ሞላላ ትንሽ እጢ አገኘና አወጣው። በዓመቱ መኮንኑ እየተራመደ በቀን 16 ሰዓት ይሠራ ነበር። የህብለ ሰረሰር እጢ በተሳካ ሁኔታ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገራል።

ትምህርቱ ምንድን ነው? ህብለ ሰረሰር የሚያልፈው በጠባብ የአጥንት ቦይ ውስጥ ነው። ስለዚህ ወደ ሌላ አካል የማይሰራጭ፣ ቀስ ብሎ የሚያድግ እጢም ቦታ ሲያጣ ነርቭን ይጨፈልቃል። ከነርቭ ሽፋን የሚነሳው ሽዋኖማና ከህብለ ሰረሰር ሽፋን የሚነሳው ሜኒንጂዮማ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ዛሬ ኤምአርአይ ቦታቸውን አስቀድሞ ስለሚያሳይ፣ ብዙዎቹን በማይክሮስኮፕ እየታገዙ ሙሉ በሙሉ ማውጣት ይቻላል። ትንሽና ምልክት የሌለው ከሆነ ደግሞ ክትትል ብቻ ሊበቃ ይችላል።

አትደንግጡ፤ አብዛኛው የጀርባ ሕመም ከእጢ የሚመጣ አይደለም። ነገር ግን እነዚህን ካያችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፦

✔️ ሌሊት የሚብስ፣ በእረፍት የማይሻል ሕመም
✔️ የእጅ ወይም የእግር መድከም፣ መደንዘዝ
✔️ ስትራመዱ ሚዛን መሳት
✔️ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል፣ ወይም ሽንት እንቢ ማለት

እግር በድንገት ከደከመ ወይም የመጨረሻው ምልክት ከታየ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። መኮንኑ ሦስት ዓመት ባክኖበትም ተርፏል፤ ሁሉም ግን እንደ እሱ ዕድለኛ አይሆንም። ለረጅም ጊዜ የተጨፈለቀ ነርቭ እጢው ከወጣ በኋላም ላያገግም ይችላል።

ጀርባውን ለሚያመው ወዳጃችሁ አጋሩት።