ማስታወቂያ በሚከፈልበት ሶፍትዌር ውስጥ

ማስታወቂያ በሚከፈልበት ሶፍትዌር ውስጥ ሲባል ተጠቃሚው ገንዘብ አውጥቶ በገዛው ወይም በየወሩ በሚከፍልበት የኮምፒውተር፣ የስልክ ወይም የቴሌቪዥን ፕሮግራም ውስጥ ሳይጠይቅ የሚቀርብለት የንግድ መልእክት ነው። በነጻ የሚሰጡ ፕሮግራሞች ወጪያቸውን በማስታወቂያ ገቢ መሸፈናቸው የቆየ አሠራር ነው። አከራካሪ የሆነው ዋጋውን የከፈለ ሰውም ማስታወቂያ እንዲያይ መደረጉ ነው። የክርክሩ መሠረታዊ ጥያቄ ደንበኛው በክፍያው የገዛው ምንድን ነው የሚለው ነው፤ ፕሮግራሙን ብቻ ወይስ ከማስታወቂያ ነጻ የሆነ ፕሮግራም? መልሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ሻጩ ባዘጋጀው የአገልግሎት ውል ውስጥ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ውሎች ሻጩ ወደፊት አገልግሎቱን እንዲለውጥ ይፈቅዳሉ።

ዓይነቶች

በሚከፈልባቸው ፕሮግራሞች ውስጥ የሚታዩ ማስታወቂያዎች በአራት ሊከፈሉ ይችላሉ።

• የሌላ ድርጅት ማስታወቂያ፦ አስተዋዋቂው ለፕሮግራሙ ባለቤት ከፍሎ የሚያስተላልፈው ነው። በፊልም መካከል የሚገባ የሸቀጥ ማስታወቂያ ምሳሌው ነው።

• የራስ ማስታወቂያ፦ ኩባንያው በአንዱ ምርቱ ውስጥ ሌላውን ምርቱን የሚያስተዋውቅበት ነው። ተጨማሪ የፋይል ማከማቻ ቦታ እንዲገዛ ወይም ወደ ከፍተኛው የክፍያ ደረጃ እንዲሸጋገር ደንበኛውን የሚገፋፋ መስኮት በዚህ ውስጥ ይመደባል።

• በጥቆማ መልክ የሚቀርብ ማስታወቂያ፦ «ጠቃሚ ምክር» ወይም «የተመረጠልዎ» የሚል ርዕስ ስለሚሰጠው ከፕሮግራሙ መደበኛ መልእክት ለመለየት ያስቸግራል።

• አብሮ ተጭኖ የሚመጣ ማስታወቂያ፦ ኮምፒውተር ወይም ስልክ አምራቹ ከፋብሪካ ጭኖ የሚልከው፣ ማስታወቂያ ለማሳየት የተሠራ ፕሮግራም ነው።

ታሪክ

በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ሶፍትዌር በአብዛኛው በሣጥን ታሽጎ አንድ ጊዜ የሚሸጥ ዕቃ ነበር። ማስታወቂያና ክፍያ አንዱ የሌላው ምትክ ተደርገው ይታዩ ነበር። የኳልኮም ኩባንያ የኢሜይል ፕሮግራም የነበረው ዩዶራ በአንድ ወቅት በሦስት መልክ ይቀርብ ነበር፤ ሙሉ ሆኖ የሚከፈልበት፣ ሙሉ ሆኖ ማስታወቂያ የሚያሳይ፣ እና አንዳንድ አገልግሎቶች የተቀነሱለት ነጻ። የኖርዌዩ ድረ ገጽ ማሰሻ ኦፔራም እ.ኤ.አ. በ2000 ማስታወቂያ የሚያሳይ ነጻ ቅጂ አወጣ። ማስታወቂያውን ማየት ያልፈለገ ሰው ከፍሎ ያስወግደው ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 ክፍያውንም ማስታወቂያውንም አስቀርቶ ማሰሻውን ሙሉ በሙሉ ነጻ አደረገው። በሁለቱም ምሳሌዎች ደንቡ ግልጽ ነበር፤ የከፈለ ሰው ማስታወቂያ አያይም።

ይህ ደንብ መላላት የጀመረው ሶፍትዌር ከዕቃነት ወደ አገልግሎትነት ሲለወጥ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2011 ኦፊስ 365ን ሲያወጣ፣ አዶቤ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 አዳዲስ የፎቶና የሕትመት ፕሮግራሞቹን በደንበኝነት ክፍያ ብቻ ለመሸጥ ወሰነ። በደንበኝነት የሚሸጥ ፕሮግራም በበይነመረብ በየጊዜው ይታደሳል። ስለዚህ ደንበኛው መጀመሪያ ሲከፍል ያየው ገጽታ ከዓመት በኋላ ላይኖር ይችላል። ማስታወቂያ የሚገባውም ብዙውን ጊዜ በዚህ እድሳት በኩል ነው።

የዊንዶውስ ጉዳይ

የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ በስፋት ከሚጠቀሱት ምሳሌዎች አንዱ ነው። ዊንዶውስ በራሱ ወርሃዊ ክፍያ ባይኖረውም በፈቃድ የሚሸጥ ነው፤ ዋጋው አዲስ ኮምፒውተር ሲገዛ ብዙ ጊዜ በኮምፒውተሩ ዋጋ ውስጥ ይካተታል። እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጋር የመጡ አንዳንድ የዜናና የአየር ሁኔታ መተግበሪያዎች ማስታወቂያ ያሳዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 አንዳንድ የዊንዶውስ 10 ተጠቃሚዎች በመቆለፊያ ገጻቸው ላይ የአንድ የኮምፒውተር ጨዋታ ማስታወቂያ አገኙ። በቀጣዩ ዓመት ፋይሎች በሚታዩበት መስኮት አናት ላይ የኩባንያው የፋይል ማከማቻ አገልግሎት የሆነውን ዋን ድራይቭን የሚያስተዋውቅ ሰሌዳ ታየ። መልእክቱ የሚተላለፈው የማከማቻ አገልግሎቶች ስለ ፋይል ቅጂ ሁኔታ ለተጠቃሚው ለማሳወቅ በሚጠቀሙበት መንገድ በመሆኑ፣ ማሳወቂያና ማስታወቂያ የተደባለቁበት ምሳሌ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ2022 ተመሳሳይ ሰሌዳ በዊንዶውስ 11 የሙከራ ቅጂ ላይ ሲታይ፣ ኩባንያው ለውጭ ተጠቃሚ እንዲወጣ ያልታሰበ ሙከራ ነው ብሎ አጠፋው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 የወጣ እድሳት ግን ከኩባንያው የመተግበሪያ መደብር የተመረጡ መተግበሪያዎችን በጀምር ምናሌ ውስጥ «የሚመከሩ» በሚለው ክፍል ማሳየት ጀመረ።

ከዊንዶውስ 10 የ2016 ትልቅ እድሳት ወዲህ፣ የእነዚህን ጥቆማዎች አንድ ክፍል በአንድ መመሪያ ከሁሉም ኮምፒውተሮች ላይ ማጥፋት የሚችሉት ለትላልቅ ድርጅቶችና ለትምህርት ተቋማት የተዘጋጁትን ቅጂዎች የሚጠቀሙ አስተዳዳሪዎች ናቸው። ለአነስተኛ ንግድ የሚሸጠው ፕሮፌሽናል ቅጂ የሚከፈልበት ቢሆንም መመሪያው አይሠራበትም።

የቪዲዮና የሙዚቃ አገልግሎቶች

በአሜሪካ የኬብል ቴሌቪዥን ደንበኞች በየወሩ እየከፈሉ ማስታወቂያ ማየት የለመዱ ናቸው። በበይነመረብ የሚተላለፉ የቪዲዮ አገልግሎቶች ብዙ ደንበኞችን የሳቡበት አንዱ ምክንያት ከዚህ ነጻ መሆናቸው ነበር። ኔትፍሊክስ ለዓመታት ያለ ማስታወቂያ ሲሠራ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 በአሜሪካ በወር 6.99 ዶላር የሚከፈልበት ማስታወቂያ ያለው ደረጃ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 ደግሞ ማስታወቂያ የሌለውን ባለ 9.99 ዶላር ዝቅተኛ ደረጃ በአሜሪካ ለአዲስ ደንበኞች ዘጋ።

ዲዝኒ ፕላስ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 የወሰደው እርምጃ የዋጋ አወሳሰኑን ስልት በግልጽ ያሳያል። ቀድሞ ማስታወቂያ ለሌለው አገልግሎት ይከፈል የነበረው 7.99 ዶላር ማስታወቂያ ያለው ደረጃ ዋጋ ሆነ፤ ማስታወቂያ የሌለው ደግሞ ወደ 10.99 ዶላር ከፍ አለ። ቀድሞ ይከፍለው የነበረውን ገንዘብ መክፈል የቀጠለ ደንበኛ ያገኘው ማስታወቂያ የተጨመረበትን አገልግሎት ነው።

አማዞን የመረጠው መንገድ ከዚህ ይለያል። እ.ኤ.አ. ከጥር 29 ቀን 2024 ጀምሮ በአሜሪካ ያሉ የፕራይም ቪዲዮ ደንበኞች ሁሉ ሳይጠየቁ ማስታወቂያ ወዳለው አገልግሎት ተዛወሩ። ያለ ማስታወቂያ ማየት የፈለገ ሰው በወር 2.99 ዶላር እንዲጨምር ተደረገ። ለውጡ በቀጣዮቹ ሳምንታት በጀርመንና በብሪታንያም ተግባራዊ ሆነ። የአንድ ዓመት ክፍያ አስቀድመው የፈጸሙ ደንበኞችም ስለነበሩ በአሜሪካ ክስ ቀረበ፤ በጀርመንም የሸማቾች ማኅበራት ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱት።

በሙዚቃው ዘርፍ የስፖቲፋይ ከፋይ ደንበኞች ሙዚቃ ያለ ማስታወቂያ ያዳምጣሉ፤ በፖድካስቶች ውስጥ ግን ማስታወቂያ ሊሰሙ ይችላሉ።

የሱፐርፊሽ ጉዳይ

ማስታወቂያ ከማሰልቸት አልፎ አደጋ የሆነበት ታዋቂ ምሳሌ በሌኖቮ ላፕቶፖች ላይ የታየው ነው። ኩባንያው ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአሜሪካ በሸጣቸው በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ላፕቶፖች ላይ የሱፐርፊሽን ፕሮግራም ጭኖ ነበር። ፕሮግራሙ ተጠቃሚው በመገበያያ ድረ ገጾች ላይ የሚያያቸውን ሥዕሎች ተከትሎ ተመሳሳይ ሸቀጦችን ያስተዋውቃል።

ባንኮችና መደብሮች ከደንበኛው ጋር የሚለዋወጡት መረጃ ሌላ ሰው እንዳያነበው ይመሰጠራል። ሱፐርፊሽ በእነዚህ ገጾች ላይም ማስታወቂያ ለማስገባት በማሰሻውና በድረ ገጹ መካከል ይገባ ነበር፤ ለዚህም ኮምፒውተሩ እንዲያምነው የራሱን ዲጂታል የምስክር ወረቀት ይጭን ነበር። በሁሉም ላፕቶፖች ላይ የነበረው የሚስጥር ቁልፍ አንድ ዓይነት ሲሆን የይለፍ ቃሉም በቀላሉ የሚገኝ ነበር። በዚህ የተነሳ ቁልፉን ያገኘ አጥቂ፣ ለምሳሌ በአንድ ካፌ ዋይፋይ ላይ ሆኖ፣ ሐሰተኛ የባንክ ገጽ አቅርቦ ላፕቶፑን እውነተኛ ነው ብሎ እንዲቀበል ማድረግ ይችል ነበር።

ችግሩ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2015 ይፋ ሲወጣ የአሜሪካ መንግሥት የኮምፒውተር ደኅንነት ቡድን ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ ሌኖቮም ማጥፊያ ፕሮግራም አሰራጨ። እ.ኤ.አ. በ2017 ኩባንያው ከፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና ከ32 ክፍለ ግዛቶች ጋር ተስማማ። ለክፍለ ግዛቶቹ 3.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል፣ እንዲህ ያለ ፕሮግራም አስቀድሞ ከመጫኑ በፊት የተጠቃሚውን ፈቃድ ለመጠየቅ፣ እንዲሁም ለ20 ዓመታት የደኅንነት ቁጥጥር ለማካሄድ ግዴታ ገባ።

ምክንያቶች

ኩባንያዎች ከፋይ ደንበኞቻቸውን ወደ ማስታወቂያ የሚያመጡባቸው ምክንያቶች በዋናነት ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ አዲስ ደንበኛ ማግኘት ሲከብድ ገቢን ማሳደግ የሚቻለው ከነባሩ ደንበኛ ተጨማሪ በማግኘት ነው። ዋጋ መጨመር ደንበኛን ሊያሸሽ ይችላል፤ ማስታወቂያ ግን በሂሳብ ደረሰኝ ላይ አይታይም። ሁለተኛ፣ ለአስተዋዋቂዎች ከፋይ ደንበኛ ተፈላጊ ነው። ገንዘብ የማውጣት አቅምና ልምድ እንዳለው አስቀድሞ አሳይቷል፤ መለያውና የክፍያ መረጃውም በኩባንያው እጅ ነው። ሦስተኛ፣ የራስ ማስታወቂያ ለኩባንያው ወጪው ኢምንት ነው። ሌላ ድርጅት በውድ የሚከራየውን ቦታ እሱ በራሱ ፕሮግራም ውስጥ በነጻ ያገኘዋል።

ክርክሮች

አቅራቢዎች ማስታወቂያ አገልግሎቱን አቅሙ አነስተኛ ለሆነ ሰው ርካሽ ያደርገዋል፣ ጥቆማዎችም ተጠቃሚው የማያውቃቸውን አገልግሎቶች ያሳውቁታል ይላሉ። ጋዜጣና መጽሔትም ተገዝተው ማስታወቂያ እንደሚይዙ በማስረጃነት ያነሳሉ።

ተቺዎች በበኩላቸው ንጽጽሩ ሙሉ አይደለም ብለው ይመልሳሉ። ጋዜጣ ከተገዛ በኋላ አዲስ ማስታወቂያ አይጨመርበትም፤ አንባቢውም የትኛውን ገጽ እንዳየ አይመዘግብም። ጋዜጣ የማይወደውን ሰው ሌላ ጋዜጣ እንዳይገዛ የሚያግደው ነገር የለም፤ ፋይሎቹንና የሥራ ልምዱን በአንድ ፕሮግራም ላይ የገነባ ሰው ግን መውጣት ብዙ ያስከፍለዋል። ማስታወቂያዎቹን ማጥፋት ቢቻልም ማጥፊያዎቹ በተለያዩ የቅንብር ገጾች ተበታትነው ስለሚገኙ ሸክሙ በተጠቃሚው ላይ ይወድቃል። እንደ ኢትዮጵያ የሞባይል ኢንተርኔት በሜጋባይት ጥቅል በሚገዛበት አገር፣ ቪዲዮ ማስታወቂያ ከተጠቃሚው ጥቅል ላይ ስለሚቀነስ ተመልካቹ ለማስታወቂያውም ጭምር ይከፍላል።

በነጻ የሚሰራጭ ክፍት ሶፍትዌርም ከክርክሩ ውጭ አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ኡቡንቱ 12.10 ተጠቃሚው በኮምፒውተሩ ውስጥ ሲፈልግ የአማዞን ሸቀጦችንም ያሳይ ነበር። የነጻ ሶፍትዌር ንቅናቄ መሥራች ሪቻርድ ስቶልማን አሠራሩን ስለላ ነው ብሎ ነቀፈው። በ2016 በወጣው 16.04 ቅጂ አሠራሩ ተጠቃሚው ራሱ ካልከፈተው በስተቀር እንዳይሠራ ተደረገ።

ሕጋዊ ሁኔታ

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣውና ከ2022 ጀምሮ ተግባራዊ የሆነው የዲጂታል ይዘትና አገልግሎት መመሪያ፣ አቅራቢው ቀጣይ አገልግሎትን በራሱ ውሳኔ ለመለወጥ ማሟላት ያለበትን ይዘረዝራል። ለውጡ በውሉ ውስጥ በበቂ ምክንያት የተፈቀደ መሆን አለበት፤ ሸማቹን ተጨማሪ ወጪ አያስወጣውም፤ በግልጽም ሊነገረው ይገባል። ለውጡ አገልግሎቱን ከቀላል በላይ የሚጎዳ ከሆነ ሸማቹ በ30 ቀናት ውስጥ ያለ ክፍያ ውሉን የማቋረጥ መብት አለው።

የኅብረቱ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 በሰጠው ውሳኔ፣ በኢሜይል ሣጥን ውስጥ ከደብዳቤዎች መካከል ደብዳቤ መስሎ የሚቀርብ ማስታወቂያ የተጠቃሚውን ቅድመ ፈቃድ ይፈልጋል ብሏል። ጉዳዩ በነጻ የኢሜይል አገልግሎት ላይ የተነሳ ቢሆንም፣ ማስታወቂያን ከመደበኛ መልእክት ጋር የማመሳሰል ልማድን የሚመለከት ነው።

የመከላከያ መንገዶች

በዊንዶውስ 11 የጀምር ምናሌን ጥቆማዎች ከቅንብሮች ውስጥ ገጽታን በሚመለከተው ክፍል፣ «ጀምር» በሚለው ገጽ ላይ ማጥፋት ይቻላል። በፋይል መስኮቱ የሚታየው ሰሌዳ ደግሞ የሚጠፋው በመስኮቱ አማራጮች ውስጥ የማከማቻ አገልግሎቶችን ማሳወቂያ በመዝጋት ነው፤ ይሁን እንጂ ይህ ሲደረግ ጠቃሚ ማሳወቂያዎችም አብረው ይቀራሉ።

አዲስ ላፕቶፕ የገዛ ሰው የማያውቃቸውን አብረው የተጫኑ ፕሮግራሞች ማስወገድ ወይም ሥርዓተ ክወናውን ከባዶ መጫን ይችላል። ደንበኝነት ሲገባ ከዓመታዊ ይልቅ ወርሃዊ ክፍያ መምረጥ በአጠቃላይ ዋጋው ከፍ ቢልም፣ አገልግሎቱ በመካከል ቢለወጥ ቶሎ ለመውጣት ያስችላል። ፋይሎችን ሌሎች ፕሮግራሞችም በሚያነቧቸው ቅርጾች ማስቀመጥ ደግሞ ወደ ሌላ ፕሮግራም፣ ለምሳሌ ሊብረ ኦፊስን ወደመሰለ ክፍት ሶፍትዌር፣ መዛወርን ያቀላል።