ስሙ ሳይለወጥ የተለወጠው ዲናሞ

በልደታ፣ በአብነት አካባቢ፣ ሞተሩ አልነሣ ያለ መኪና ጋራዥ ሲገባ መካኒኩና ባለንብረቱ የሚግባቡባቸው ቃላት በአብዛኛው የጣሊያንኛ ውርስ ናቸው። ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ፣ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ፣ ዲናሞውን የሚያዞረው ቀበቶ ቺንጋ ይባላል። ቃላቱ በወረራው ዘመንና ከዚያም በኋላ በጣሊያን መካኒኮች እጅ ሠርጸው የቀሩ ናቸው። ከእነዚህ መካከል የ«ዲናሞ» ዕጣ ልዩ ነው፤ ቃሉ በመጀመሪያ ይጠራው የነበረው መሣሪያ ከአዳዲስ መኪናዎች ከወጣ አያሌ ዓመታት አልፈዋል፤ ስሙ ግን አለ፤ ከስሙም ጋር አሮጌው የመመርመሪያ ልማድ አለ።

በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ሲገባ ሞተሪኖ የሚባል ነገር ገና አልታወቀም ነበር። የዚያ ዘመን ሞተር የሚነሣው በእጅ መዘውር ሲሆን፣ ወደ ኋላ በመታ ጊዜ የሰው ክንድ እስከ መስበር ይደርስ ነበር። ቻርልስ ኬተሪንግ እ.ኤ.አ. በ1911 የሠራውና በ1912 ካዲላክ ላይ የዋለው የኤሌክትሪክ ማስነሻ ይህን አስቀረ። የኬተሪንግ ብልሃት ያረፈው በአንድ ቀላል አስተያየት ላይ ነው፦ ማስነሻው የሚሠራው ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ስለሆነ፣ አነስተኛ ሞተር ሳይቃጠል ለዚያች ጊዜ ያህል ከፍተኛ ኃይል ሊሸከም ይችላል። ቁልፉን ይዞ ሞተሪኖውን ደቂቃ ሙሉ የሚያስጮህ ሹፌር ይህን አስተያየት በገንዘቡ ይማረዋል።

እውነተኛው ዲናሞ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው በኮሚውቴተርና በካርቦኖች አማካይነት ነበር። በሚኒሞ ሲሠራ የሚሰጠው ኃይል እጅግ አነስተኛ ስለነበር ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም ቢል ማንንም አያስደነግጥም። አዲስ አበባ ጠንቅቃ የምታውቃት ቮልስዋገን ግን ከዚህ ትለያለች፤ የሞተሯ ማቀዝቀዣ ማራገቢያ የተገጠመው በዲናሞው ዘንግ ላይ በመሆኑ፣ በጉዞ ላይ ቀዩ መብራት ከበራ ቺንጋው ተበጥሶ ይሆናልና ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት ግድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1960 ክራይስለር ቫሊያንት በተባለችው መኪና ላይ አልተርኔተር ይዞ ቀረበ። የሲሊኮን ዲዮድ መገኘት ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ በትንሽ ቦታ ወደ ቀጥተኛ ለመለወጥ ስላስቻለ፣ አልተርኔተር በሚኒሞም ጭምር በቂ ኃይል ይሰጣል። ጋራዡ አዲሱን መሣሪያ ተቀበለ፤ ስሙን ግን «ዲናሞ» እንዳለው ቀጠለ። በዚህ ብቻ ቢቆም ጉዳት አልነበረውም። ነገር ግን ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ካቦ ነቅሎ «ካልጠፋ ዲናሞው ደኅና ነው» የማለት ልማድም አብሮ ተላለፈ። በቀድሞው ዘመን መኪናው ከአምፖልና ከጡሩምባ በቀር ስስ ዕቃ ስላልነበረው ይህ ብዙ ጊዜ በሰላም ያልፍ ነበር። በአልተርኔተር ላይ ግን ኃይል እየሞላ ያለ ባትሪ በድንገት ሲለይ ቮልቱ ከ40 በላይ ሊዘልል ይችላል፤ ዲዮዶቹን፣ ሬጉሌተሩንና የሞተሩን ኮምፒዩተር ያቃጥላል። ምርመራው ራሱ ብልሽት ይሆናል ማለት ነው፤ ወጪውም የሚወድቀው በባለንብረቱ ላይ ነው።

በአንጻሩ ቮልት ሜትር የያዘ ሰው ምንም መንቀል አያስፈልገውም። ያረፈና የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ካሳየ አብዛኛውን ጊዜ መሙላቱ ደኅና ነው። አንዳንድ አዳዲስ መኪናዎች ነዳጅ ለመቆጠብ ቮልቱን ሆን ብለው ስለሚቀንሱ በአንድ ንባብ ብቻ መፍረድ አይገባም። ሞተሪኖው «ቀጭ» ብሎ ዝም ሲል ደግሞ ከባትሪው ራስ እስከ ሞተሪኖው ባለው ካቦ፣ እንዲሁም በማሳው ላይ የሚባክነው ቮልት ቁልፉ ተይዞ ይለካል። ከግማሽ ቮልት በላይ ከባከነ ጥፋቱ ያለው በዝገት ወይም በላላ ማሰሪያ ላይ ነው። ብዙ ደኅና ባትሪና ብዙ ደኅና ሞተሪኖ የተጣለው በዚህች ግማሽ ቮልት ምክንያት ነው።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ የሚበዙት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ሞተሪኖም ዲናሞም የላቸውም። ሆኖም አብዛኞቹ ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ ይዘዋል፤ እርሷ ከወረደች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ሳለ መኪናው አይነቃም።